ረጅም ዓመት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች በዝናብ ወቅት የሚጠፉበት ምክንያትና የምርመራው ሂደት

በአገራችን መንገዶች ላይ ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር ያላቸው እንደ ላዳ፣ ቮልስዋገንና ቀደምት ቶዮታ ኮሮላ ያሉ አውቶሞቢሎች ዛሬም አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ባለንብረቶችን ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ ሞተሩ በጉዞ ላይ ሳለ በድንገት መጥፋቱ ነው። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ሞተር ሲጠፋ በሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚታገዘው ፍሬን ከጥቂት ርግጫ በኋላ ስለሚከብድ፣ በቁልቁለት ወይም በአደባባይ ላይ ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል።

ብዙ ጊዜ መንስኤው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ባለንብረቱ ባትሪ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ አልፎ ተርፎም ካርቡሬተር ለውጦ ችግሩ እንዳለ ይቀጥላል። ስለሆነም ዕቃ ከመግዛት በፊት ሞተሩ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚጠፋ ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የካንዴላ መስመር

ሌሊት ዘንቦ ጠዋት አልነሣም የሚል፣ በኩሬ ሲያልፍ ወይም ከእጥበት እንደወጣ እየተንገጫገጨ የሚጠፋ፣ ሲደርቅ ግን ምንም እንዳልሆነ የሚሠራ መኪና በቅድሚያ የሚጠረጠረው በካንዴላ መስመሩ ነው። ኮይሉ የባትሪውን 12 ቮልት ከ15 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቮልት ወደሚደርስ ኃይል ያሳድገዋል። ይህ ኃይል በተሰነጠቀ ገመድ ወይም በቆሸሸ ክዳን ላይ እርጥበት ካገኘ ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል።

በደጋ ከተሞች ችግሩን የሚያባብስ ተጨማሪ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይይዛሉ። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በደረቅ ቀን ተሸፍኖ የቆየው ድክመትም እርጥበት ሲጨመርበት ይገለጣል።

ምርመራው በምሽት ሊካሄድ ይችላል። በመጀመሪያ የቤንዚን ሽታ ወይም ፍሳሽ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ካለ ምርመራው አይደረግም። መኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑ ይከፈታል። ከዚያም በመርጫ ጠርሙስ ስስ ውኃ በኮይሉ፣ በየገመዶቹና በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ በየተራ ይረጫል። ሰማያዊ ብልጭታ የታየበት፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የተሰማበት ወይም ሞተሩን ያንገዳገደ ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። በምርመራው ወቅት ገመዶቹን በእጅ መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸው ሰዎችም መራቅ አለባቸው።

ሞተሩ ጠፍቶ ክዳኑ ሲከፈት በውስጡ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ መቀየር ይኖርበታል፤ እርጥበት ብቻ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ከገመዶቹ አንዱ ካፈሰሰ ሌሎቹም እኩል ዕድሜ ያላቸው በመሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ የተሻለ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን በፌስታል መጠቅለል የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ የጋለ ብረት ከነካም ይቀልጣል።

ሌሎች መንስኤዎች

መኪናው በደንብ ተነሥቶ በካፊያና በቅዝቃዜ ጥቂት ደቂቃ ከተጓዘ በኋላ ጉልበቱ እየደከመ የሚጠፋ፣ ለትንሽ ጊዜ ሲቆም ደግሞ በራሱ የሚስተካከል ከሆነ በካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ እንደሚችል መታሰብ አለበት። ቤንዚን ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ የውጪው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖም ይህ ይከሰታል። ሞቃት አየር ወደ አየር ፊልትሮው የሚያደርሰው ቱቦ በቀድሞ ጥገና ወቅት ወልቆ ቀርቶ እንደሆነ ማየት ይገባል።

ነዳጅ ከተሞላ በኋላ በጀመረ መንገጫገጭ ግን ውኃ የተቀላቀለበት ነዳጅ ይጠረጠራል። የናፍጣ መኪናዎች ካንዴላና የብልጭታ መስመር ስለሌላቸው በዝናብ ሲጠፉ በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ማስወገድ ቀዳሚው ተግባር ነው።

በጎርፍ ውስጥ የጠፋ ሞተር

ውኃው እስከ አየር መሳቢያው ደርሶ ሞተሩ ከጠፋ በድጋሚ ለማስነሣት መሞከር የተከለከለ ያህል ሊታይ ይገባል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ቢዬላ የሚባለውን የፒስተን ዘንግ ያጎብጣል፤ በጥቂት ሰዓት ሥራ የሚስተካከለው ነገር ሙሉ የሞተር ጥገና ይጠይቃል። መኪናው ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ውኃው መውጣት አለበት። ውኃው እየጨመረ ከሆነ ግን ተሳፋሪዎች ንብረቱን ትተው በቶሎ ወደ ከፍተኛ ቦታ ሊወጡ ይገባል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚካሄደው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይህን ዓይነቱን ብልሽት መኪናው ደርቆ በቀረበበት ቀን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን ያለፈ ተሽከርካሪ ባለንብረትም ምልክቱን ካየ ክረምቱ ሳይጠነክር ወደ ጋራዥ እንዲያቀርበው ይመከራል። ጥገናው ሲጠናቀቅ ደረሰኝና የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መቀበል፣ እንዲሁም የውኃ ርጭት ፍተሻው ባለንብረቱ ባለበት እንዲደገም መጠየቅ ተገቢ ነው።