የዓሣ ጉበት ዘይትና የአጥንት ታሪክ

በኖርዌይ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች ኮድ የሚባለውን ዓሣ ጉበት በበርሜል እያከማቹ፣ ሲበሰብስ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ጠቆር ያለና የሚከረፋ ዘይት ቀድተው መብራት ለማብራትና ቆዳ ለማልፋት ይጠቀሙበት ነበር። ይኸው ዘይት እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በእንግሊዝ ማንችስተር ሆስፒታል ለቁርጥማት ሕሙማን ይሰጥ ጀመር፤ በተከታዩ ክፍለ ዘመን ደግሞ የጀርመንና የፈረንሳይ ሐኪሞች ለሪኬትስ፣ ማለትም የሕፃናትን አጥንት አለስልሶ እግራቸውን ለሚያቆለምመው በሽታ፣ አዘዙት። በ1850ዎቹ ኖርዌያዊው መድኃኒት ቀማሚ ፒተር ሞለር ትኩስ ጉበት በእንፋሎት አሙቆ ጠረኑ የቀለለ ዘይት አወጣ፤ ለምን እንደሚፈውስ ያስረዳ ግን አልነበረም።

ፈውሱ በሙከራ የተረጋገጠው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን ቤት ውስጥ ዘግቶ በአብዛኛው እህል በመመገብ ሪኬትስ እንዲይዛቸው ካደረገ በኋላ፣ የዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል በ1919 አሳየ። አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በ1922 ዘይቱን አሙቆ አየር በማስገባት በውስጡ የነበረውን ቫይታሚን ኤ ቢያጠፋም፣ ዘይቱ አጥንት ማዳኑን አላቆመም፤ ያዳነው ንጥረ ነገር ቫይታሚን ዲ ተባለ።

ግኝቱ ታላቅ ቢሆንም ዘይቱን ራሱን አስረሳ፤ ቫይታሚኑ መድኃኒት፣ ቅባቱ ማስቀመጫ ዕቃ ብቻ ተደርጎ ታየ፤ ይህም የችኮላ ፍርድ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጆርጅ በርና ሚልድረድ በር፣ ያለ ቅባት የተመገቡ አይጦች እንደሚታመሙ በ1929 ሲያሳውቁ፣ የቅባት አሲዶች፣ ማለትም ቅባት የሚገነባባቸው የካርቦን ሰንሰለቶች፣ ጉልበት ሰጪ ብቻ አለመሆናቸው ታወቀ።

ይህ ዕውቀት አጥንት ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አጥንት ገንቢዎቹ ሕዋሳት፣ በሳይንሱ አጠራር ኦስቲዮብላስቶች፣ በመቅኔ ውስጥ ከሚገኙና የስብ ሕዋስም ሊወጣቸው ከሚችል እናት ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ ፒፓር ጋማ የተባለው ፕሮቲን በቅባት አሲዶችና በውላጆቻቸው ሲነቃ እናቲቱን ሕዋስ ወደ ስብነት ስለሚያዘነብላት የገንቢዎቹ ቁጥር ይመነምናል። በፓልም ዘይትና በቅቤ የሚበዛው ፓልሚቲክ አሲድ በቤተ ሙከራ ኦስቲዮብላስቶችን ሲጎዳ፣ የወይራ ዘይት ዋና አካል የሆነው ኦሌይክ አሲድ ጉዳቱን ያለዝባል። ከኦሜጋ 6 የቅባት አሲዶች ወገን ከሆነው አራኪዶኒክ አሲድ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ደግሞ በልኩ ሲሆን አጥንት ያስገነባል፤ ሲበዛ አጥንት አፍራሾቹን ሕዋሳት ያበረታል፤ በዓሣ ዘይት የሚገኙት ኦሜጋ 3ዎች የዚህን ንጥረ ነገር ምርት ይቀንሳሉ። በሕዋስ ላይ የታየው ሁሉ ግን በሰው ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እኩል አልተደገመም።

የጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤ ጭምር ስለሚበዛበትና ይህ ቫይታሚን ከልክ ሲያልፍ አጥንትን ስለሚያሳሳ፣ ዛሬም ተለክቶ እንጂ እንደ ምግብ ዘይት አይወሰድም።