የብራይድከርክ የድንጋይ ማጥመቂያ፦ ዕድሜው እንዴት ታወቀ?

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮከርማውዝ ከተባለችው ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ብራይድከርክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ትገኛለች። በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ የማጥመቂያ ገንዳ አለ። በእኛ ሀገር ጥምቀት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ባሕረ ጥምቀቱን ነው፤ በምዕራብ አውሮፓ ግን ማጥመቂያው አብዛኛውን ጊዜ በሕንፃው ውስጥ በመቆሚያ ላይ የተቀመጠ ገንዳ ነው። የብራይድከርኩ ገንዳ በአራቱም ጎኖቹ ተቀርጿል። ዮሐንስ ክርስቶስን ሲያጠምቅ፣ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ፣ እንዲሁም ሐረግና አስፈሪ አውሬዎች ይታዩበታል።

ይህ ገንዳ ሳይለወጥ ዕድሜው ግን በሰዎች አነጋገር ደጋግሞ ተለውጧል።

የድንጋይ ቅርጽን ዕድሜ መወሰን ከባድ ነው። በኮሌጅ ስለ አፈርና ስለ አለት የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው፣ አለቱ ራሱ የሚሊዮኖች ዓመታት ዕድሜ አለው፤ የሚፈለገው ግን መሮ ያረፈበት ቀን ነው። በካርበን ልኬት ዕድሜያቸው የሚታወቀው እንጨት፣ አጥንትና ከሰልን የመሰሉ በአንድ ወቅት ሕይወት የነበራቸው ነገሮች ናቸው። ገንዳው የቆመበት ሕንፃም አይረዳም። የዛሬው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው እ.ኤ.አ ከ1868 እስከ 1870 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በቅጥር ግቢው ውስጥ ቆሟል።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ዊልያም ካምደን ብሪታኒያ በተባለው መጽሐፉ ገንዳውን ያነሳው በአቅራቢያው ካለችው ከፓፕካስል የጥንት ቅርሶች ጋር አያይዞ ነው። ፓፕካስል የሮማውያን ምሽግ የነበረባት ስፍራ በመሆኗ፣ ገንዳው ከዚያ የመጣ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ዘመን ቆየ። በአንደኛው ጎን የተቀረጸውን ጽሑፍ ግን ካምደን ሊፈታው አልቻለም።

ጽሑፉ የተቀረጸው በሩን ፊደል ነው። ሩን የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች በእንጨትና በድንጋይ ላይ ይቀርጹት የነበረ፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች የሚበዙበት ፊደል ነው። እ.ኤ.አ በ1685 ኋላ የካርላይል ጳጳስ የሆነው ዊልያም ኒኮልሰን ጽሑፉን አነበብኩ አለ። በእርሱ ንባብ ኤካርድ የሚባል ሰው በዚህ ስፍራ ወደ ክርስትና ተመለሰ፤ ዴንማርካውያንም የእርሱን አርአያ ተከተሉ። ታሪኩ የሚያምር በመሆኑ ሰው ወደደው። ገንዳውም ዴንማርካውያን በእንግሊዝ ሰፍረው ክርስትናን የተቀበሉበት ዘመን ምስክር ተደርጎ ተቆጠረ።

ሆኖም ንባቡ ስሕተት ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ፊደላቱን አንድ በአንድ ሲመረምሩ ኤካርድም ዴንማርካውያንም ጠፉ። በስፍራቸው ሪቻርድ ተገኘ። ኒኮልሰን «ተመለሰ» ብሎ የተረጎመው ቃል «ሠራኝ» የሚል ነበር። ገንዳው ራሱ «እኔ» እያለ ሪቻርድ እንደሠራውና ለዚህ ውበት እንዳበቃው ይናገራል። ከጽሑፉ ጋር በአንድ ጎን መዶሻና መሮ የያዘ ትንሽ ሰው ሥራው ላይ ሳለ ተቀርጿል። ኒኮልሰን ይህን ምስል ከጽሑፉ ጋር አስተያይቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ይጠረጥር ነበር።

አሁን ተቀባይነት ያለው ዘመን 12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም አጋማሹ ነው። ወደዚህ የሚያደርሱት ማስረጃዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ፊደሉ የሰሜን ሰዎች ቢሆንም ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም የጥንቱ እንግሊዝኛ መልኩን መለወጥ ከጀመረ በኋላ ያለው። ከሩኖቹ መካከል በብራና ላይ ይጻፉ የነበሩ የእንግሊዝኛ ፊደላት ገብተዋል። ሪቻርድ የሚለው ስም በእንግሊዝ የተስፋፋው ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ነው። የሐረጉና የአውሬዎቹ አቀራረጽም ከዚያ ዘመን የኖርማን ሥራዎች ጋር ይመሳሰላል።

ሩን በዚያ ዘመን ተረስቶ አልነበረምን? በአካባቢው አልተረሳም። በካርላይል ካቴድራል ግድግዳ ላይም ዶልፊን የተባለ ሰው ጽሑፉን እርሱ እንደጻፈ በሩን የቀረጸው ከዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንግሊዝኛ እየተናገሩ የአባቶቻቸውን ፊደል እንደያዙ ቆይተዋል ማለት ነው። ለእኔ ከኤካርድ ታሪክ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ሪቻርድ ማን እንደነበረ ለማወቅም ተሞክሯል። በዚያው ክፍለ ዘመን በደርሃም ይሠራ የነበረ ሪቻርድ የተባለ መሐንዲስ በመኖሩ፣ አንዳንዶች ጠራቢው እርሱ ነው ይላሉ። ስሙ ግን በዘመኑ እጅግ የተለመደ ነበር፤ በስም መመሳሰል ብቻ አንድ ናቸው ማለት የኒኮልሰንን መንገድ መከተል ይሆናል። ከጽሑፉ መካከል ደግሞ አንድ ቃል እስካሁን ሊቃውንቱን እንዳከራከረ ነው።