«ዘር ከልጓም ይስባል»፤ የፈጠራ ዘርስ?

በእንግሊዝ አገር የዘር ሐረግ ወግ ብቻ አልነበረም፤ ማዕረግም ርስትም የሚያያዝበት ነበር። ከ1530 እስከ 1688 እ.ኤ.አ. የንጉሡ የዓርማ ሹሞች በየአውራጃው እየዞሩ «አባትህ ማነው? አያትህስ?» ይሉ ነበር። ማስረጃ ያጣ ሰው «ባላባት አይደለም» ተብሎ በገበያ መሐል ይለፈፍበታል።

ታዲያ ማስረጃውን ማን ያስጽፈዋል? ገንዘብ ያለው ነዋ! እስቲ የፊልዲንግን ቤት እንይ። ዊልያም ፊልዲንግ በ1622 የዴንቢ ኧርል ለመባል የበቃው የንጉሥ ጄምስ ባለሟል የነበረውን የቢኪንግሃምን እኅት በማግባቱ ነው። አማችነት ግን ለኩራት አይበቃም መሰል፣ ቤተሰቡ ከሀብስቡርግ ነገሥታት ዘር መሆኑን የሚመሰክሩ፣ ጥንታዊ የሚመስሉ ሰነዶች ብቅ አሉ። የሮማን አወዳደቅ የጻፈው ጊበን እንኳ፣ ያ ሁሉ ሊቅነቱ እያለ፣ አምኖ ተቀበለው! ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግም የቄሣሮች ዘመድ ሆኖ ቀረ።

ኋላ ግን ሆራስ ራውንድ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ሰነዶቹን አገላብጦ በ17ኛው መቶ ዓመት የተፈበረኩ መሆናቸውን አጋለጠ። ማዕረጉን ግን ማንም አልነካውም።

መሬቱን ሲያርስ የኖረው ገበሬ ከነዚህ ሐረጎች ውስጥ የለም። እሱን ማግኘት የፈለገ ከ1538 ወዲህ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የተያዘውን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ይግለጥ።