ሁለት ምስክሮች በአንድ ጣሪያ ሥር

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ የአትላንቲክ ማዕበል በሚመታት የሉዊስ ደሴት ጫፍ ላይ ኔስ የሚባል አካባቢ አለ። የኔስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የታሪክ ማኅበር አቋቁመው የአረጋውያንን ትዝታ በድምፅ መቅዳት፣ ፎቶግራፍና ሰነድ መሰብሰብ ያዙ። መዝገብ ቤታቸው ዛሬ የሚገኘው በቀድሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ቦታው ለነገሩ የተገባ ነው፤ የጌሊክ ቋንቋ ዕጣ በአብዛኛው የተቆረጠው በትምህርት ቤት ነበርና።

ጌሊክ ድርሳን የሌለው ቋንቋ አልነበረም። የመጀመሪያው የጌሊክ የኅትመት መጽሐፍ በ1567 ወጣ፤ አዲስ ኪዳን በ1767፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1801 ተከተሉት። በ1811 ኤዲንብራ ላይ የተመሠረተ ማኅበርም ተዘዋዋሪ መምህራን እየላከ ደሴተኛውን በገዛ ቋንቋው ንባብ አስተማረ። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ።

የ1872ቱ የትምህርት ሕግ ሕፃናት ሁሉ እንዲማሩ አስገደደ፤ ስለ ጌሊክ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዝምታው እንደ ፍርድ ሠራ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በጌሊክ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት እንደነበር ይተረካል። በ1918 የወጣው ሕግ ለጌሊክ ስፍራ ቢሰጥም፣ የመማሪያው ቋንቋ ለብዙ ዘመን እንግሊዝኛ ሆኖ ቆየ። በዚህም የተነሣ በጌሊክ የሚጸልይ፣ የሚያዜም፣ ሙሾ የሚያወርድ፣ ለእናቱ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ትውልድ ተፈጠረ።

የደሴቶች መዝገብ ቤት ሁለት ምስክሮችን ጎን ለጎን ያቆማል። አንደኛው ርእሰ መምህሩ በእንግሊዝኛ የያዘው የዕለት መዝገብ ነው፤ ልጆች ለድንች ሥራ መቅረታቸውን፣ የአየሩን ክፋት፣ የተቆጣጣሪውን መምጣት ይነግረናል። ሁለተኛው ከዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ፣ አርጅቶ በጌሊክ የተናገረው ቃል ነው። መዝገቡ «ቀረ» ያለውን ልጅ ለምን እንደቀረ የምንሰማው ከዚህ ነው። ያልተጻፈው ትዝታ በድምፅ ባይቀዳ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ምስክር ብቻውን በፈረደ ነበር።

ከዚሁ ደሴት ቤይብል መንደር ሁለት ታላላቅ ባለቅኔዎች፣ ዴሪክ ቶምሰንና ኢያን ክሪችተን ስሚዝ አድገዋል። ስሚዝ ትምህርት ቤት እስኪገባ ጌሊክ ብቻ ይናገር ነበር፤ ኋላ በሁለቱም ቋንቋዎች ጻፈ። ቶምሰን በበኩሉ በ1952 ጋርም የተባለውን የጌሊክ መጽሔት ከባልደረባው ጋር መሠረተ፤ መጽሔቱም ከ50 ዓመታት በላይ ዘለቀ።

በጌሊክ ማስተማር በ1985 ተጀመረ፤ በ2005 ቋንቋው በሕግ ተደገፈ። ይሁንና በ2022ቱ ቆጠራ በምዕራባውያን ደሴቶች የተናጋሪው ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። መዝገብ ቤቱ ድምፁን ጠብቆ ሊያቆይ ይችላል። የቅድመ አያቱን ቃል ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ልጅ ግን በየቤቱ ካላደገ በቀር ሊገኝ አይችልም።