የቱሪን ሁለት እስክሪብቶዎች

ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይጣላል ወይስ ይሞላል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁንና አንዲት የኢጣሊያ ከተማ፣ ቱሪን፣ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶች የወጡባት ስፍራ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ግን ሌላ ቦታ ነው። ላስሎ ቢሮ የተባለ የሃንጋሪ ጋዜጠኛ፣ ኬሚስት በሆነው ወንድሙ እየታገዘ፣ ጫፉ ላይ በምትሽከረከር ጥቃቅን ኳስ ወፍራም ቀለም የሚያወጣ መጻፊያ ሠርቶ በ1938 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያም ወደ አርጀንቲና ተሰደደና በ1943 እዚያም መብቱን አስከበረ። ኢጣሊያኖች እስክሪብቶን ዛሬም በስሙ «ቢሮ» ይሉታል።

የቢሮን የፈጠራ መብት የገዛው ማርሴል ቢክ ነው። ቢክን ዓለም የሚያውቀው በፈረንሳይነቱ ቢሆንም የተወለደው በ1914 በቱሪን ነበር። በ1950 መጨረሻ «ቢክ ክሪስታል»ን ለገበያ አቀረበ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ቀለሙ በላስቲኩ ውስጥ የሚታይ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሲያልቅ የሚጣል። በእኛም አገር ስንቱ ተማሪ ፈተናውን የጻፈው በእርሱ ነው! መጻፊያን ከሀብታም ኪስ አውጥቶ ለሁሉም ያዳረሰ ሥራ ነውና ሊናቅ አይገባውም።

በዚያችው በቱሪን በ1919 የተመሠረተው አውሮራ ግን የሚሞላ መጻፊያ ይሠራ ነበር። በ1947 የወጣውን «88» የተባለውን ብዕር የነደፈው የኦሊቬቲን የጽሕፈት መኪናዎች የነደፈው ማርቼሎ ኒዞሊ ነው። በ1970 ደግሞ ማርኮ ዛኑሶ የነደፈው «ሃስቲል» ወጣ፤ ይህ ቀጭንና ልሙጥ ብዕር በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። በባሳኖ ዴል ግራፓ ሞንቴግራፓ በ1912፣ በቦሎኛም አርማንዶ ሲሞኒ ያቋቋመው ኦማስ በ1925 ተመሥርተው በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። የእነዚህ ቤቶች እስክሪብቶ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከተላለፈ በኋላ ነው። ቀፎው ደኅና ነው፤ ቀለሙ ግን ደርቋል። ታዲያ የሚገጥመው የቀለም ቱቦ፣ ነጋዴው «ሪፊል» የሚለው፣ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ የሠሪውን ስም በማንጠልጠያው ወይም በወገቡ ቀለበት ላይ መፈለግ ነው። ስም ከሌለና ቀፎው ብር ከሆነ ማኅተሙ ይናገራል። በ1968 የወጣው የኢጣሊያ ሕግ የብር ሠሪው ምልክት ኮከብ፣ ቁጥርና የአውራጃው ስም ምህጻር እንዲኖረው አዟል። ቱሪን በ«ቲ»ና በ«ኦ» ፊደላት ትታወቃለች።

ቀጥሎ ቀፎውን ሳያስገድዱ ፈትቶ አሮጌውን ቱቦ ማውጣት ነው። የደረቀው ቱቦ አይጣል፤ ከእርሱ የተሻለ መለኪያ የለም። ርዝመቱ 98 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም ወደ 6 የሚጠጋ ከሆነ የፓርከር ዓይነት ነው፤ በዓለም አቀፉ መለያ «ጂ2» ይባላል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። 67 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2.35 ውፍረት ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ ደግሞ «ዲ1» ነው። በላይኛው ጫፉ ጥርስ ኖሮት እየተጠመዘዘ የሚገባ ከሆነ የክሮስ ዓይነት መሆኑን መመርመር ይገባል።

ርዝመት ብቻውን ግን ያታልላል። ሞላው የሚያርፍበት ትከሻ ከጫፉ ያለው ርቀትም መመሳሰል አለበት፤ አለዚያ ጫፉ ወይ አይወጣም፣ ወይ አይመለስም። («ሞላ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው።) ልኩ ከጠፋ ቀጭኑን «ዲ1» በወፍራም ማቀፊያ ውስጥ ከትቶ መጠቀም ይቻላል። የላስቲክ ቱቦ ቢረዝም ከኋላው ባዶ የሆነው ይቆረጣል፤ በውስጡ የታመቀ ጋዝ ያለበት የብረት ቱቦ ግን ፈጽሞ አይነካም።

ኦማስ ከ91 ዓመት በኋላ በ2016 ተዘጋ። ስሙ የተቀረጸባቸው እስክሪብቶዎች ግን አብረውት አልሞቱም። የቱቦአቸው ልክ ከሌሎች ጋር የጋራ የሆነው ዛሬም ይጽፋሉ፤ ልካቸው የሠሪያቸው ብቻ የሆነው ግን ሠሪው ሲሄድ አንደበታቸው ይዘጋል። ዕቃን ከፋብሪካው ዕድሜ በላይ የሚያኖረው ብሩና ውበቱ አይደለም፤ ሠሪዎች ተፎካካሪ ሆነው ሳለ በአንድ ልክ መስማማታቸው ነው። ቢክ መጻፊያን ለሁሉም ሰው አዳረሰ፤ ለዘመን ያዳረሰው ግን ያ ስምምነት ነው።