ላባዋን ያረገፈች ዶሮ ሁሉ ታማሚ አይደለችም

ላባዋ የረገፈና እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ታማለች ተብላ ልትሸጥ ወይም ልትታረድ አይገባም። ዶሮዎች አንድ ዓመት ካለፋቸው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ላባ ይቀይራሉ፤ ሂደቱ ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ጅራት የሚሄድ ሲሆን ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ላባ በአብዛኛው ከፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ፣ ለእንቁላል ይውል የነበረው ምግብ ለአዲሱ ላባ ይውላል።

ስለዚህ በጭሮና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡ ነዋሪዎች ከማሽላውና ከበቆሎው ጋር ፋጉሎ እንዲጨምሩ፣ ንጹሕ ውኃ እንዲያቀርቡ፣ ዶሮዋን ከሌሊት ብርድ እንዲከላከሉ ይመከራል። በቃይ ላባ ውስጡ ደም ስላለው ዶሮዋን አለመነካካት ይገባል።

መብላት ያቆመች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የያዛት ወይም አንገቷ የተጠማዘዘ ዶሮ ግን ፈንግል ይዟት ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ተለይታ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መታየት አለባት።