ማልኮም ኤክስ እና መዝገበ ቃላቱ

ስልኬ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ማስጠኛ አፖች አሉ። ስብሰባ ላይ ግን የምፈልገው ቃል አሁንም ይጠፋብኛል። እንዲህ ሲያናድደኝ ማልኮም ኤክስን አስባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1946 በስርቆት ሲታሰር ከ8ኛ ክፍል በላይ አልተማረም ነበር። በሰፈር ቋንቋ ምላሱ ስል ነው፤ ለኔሽን ኦፍ ኢስላም መሪ ለኤላይጃ መሐመድ ደብዳቤ ልጻፍ ሲል ግን ቃል አጠረው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለው የኖርፎክ እስር ቤት መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና እርሳስ ጠየቀ። የመጀመሪያውን ገጽ ከነሥርዓተ ነጥቡ ገለበጠ፤ አንድ ቀን ፈጀበት። የጻፈውን ጮክ ብሎ ለራሱ አነበበው፣ በማግስቱ ያልያዛቸውን ከለሰ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ገጽ። ከዚያች የመጀመሪያ ገጽ አልረሳሁትም ያለው “አርድቫርክ”ን ነው፤ የኛን አዋልድጌሳ።

ቃላቱ ሲበዙለት መጻሕፍት ተከፈቱለት። ማታ መብራት ሲጠፋ ከኮሪደሩ በሚገባው ጭላንጭል ያነብ ነበር። በ1952 ሲፈታ መድረክ ላይ ማንንም የሚሞግትበት ቋንቋ ይዞ ወጣ።

እኔ አፑ ላይ ስንት ቀን እንዳላቋረጥኩ እቆጥራለሁ፤ እሱ ግን የሚልከው ደብዳቤ ነበረው። ልዩነቱ እዚህ ጋር መሰለኝ። ለሰኞ ስብሰባ የምናገረውን በእጄ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ጮክ ብዬም አነበዋለሁ።